ሳንቲሙን ለማጽዳት አትቸኩሉ

አሮጌ ነገር ታጥቦና ተወልውሎ ካላንጸባረቀ ዋጋ የለውም የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። በቤት ዕቃ ላይ ሲሆን ይህ አስተሳሰብ እምብዛም አይጎዳም፤ የናስ ሰሃን በአመድና በሎሚ ቢፈተግ ያምርበታል። ከመሬት በወጣ ጥንታዊ ሳንቲም ላይ ሲሆን ግን ያው ልማድ ጥፋት ያስከትላል። እኔ በበኩሌ፣ ጥንታዊ ሳንቲምን ለማጽዳት የሚቸኩል እጅ ቅርስ ከሚሰርቅ እጅ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል ባይ ነኝ።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በአክሱም አካባቢ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ወይም ማረሻ መሬቱን ሲገለብጠው አረንጓዴ ዝገት የሸፈናቸው ትናንሽ ሳንቲሞች ብቅ ይላሉ። እንበልና ከእናንተ አንዱ እንዲህ ያለ ሳንቲም አገኘ፤ ሎሚ ጨምቆም በአሸዋ ፈተገው። ዝገቱ ለቀቀ፤ ሳንቲሙም ቀላ። ይሁን እንጂ የንጉሡ መልክና በዙሪያው የተቀረጸው ጽሑፍ ከዝገቱ ጋር አብረው ሄዱ። ነሐስ ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ውስጥ ሲቆይ የላይኛው ገጹ ራሱ ወደ ዝገትነት ይለወጣልና፣ ብዙ ጊዜ ቅርጹን ይዞ የሚገኘው ያው ዝገት ነው። አንዳንድ የአክሱም ሳንቲሞች ደግሞ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ በስስ ወርቅ የተለበጡ ናቸው። ይህን ወርቅ ፈትጎ ያነሣ እጅ መልሶ ሊያኖረው አይችልም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ያልጸዱ የሮማ ሳንቲሞችን እየገዙ ማጽዳትንና መለየትን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ። ከእነርሱ መካከል ጠንቃቆቹ ሳንቲሙን ጨው በሌለበት የተጣራ ውሃ ይዘፈዝፉታል፤ ውሃውን እየለወጡም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይታገሣሉ። ከዚያም በአጉሊ መነጽር እያዩ የለሰለሰውን አፈር በእንጨት ስንጥር ጥቂት በጥቂት ያነሣሉ፤ ጠንካራውንና ልሙጡን ዝገት ግን አይነኩም። መልኩና ጽሑፉ ሲገለጥ ሳንቲሙ በየትኛው ንጉሠ ነገሥት ዘመን እንደተሠራ ይለያሉ። ትዕግሥታቸውን አደንቃለሁ። ሆኖም አብዛኞቹ ሳንቲሞች ከየትኛው ማሳ፣ ከምን ዕቃ ጋር እንደተገኙ ሳይመዘገብ ለገበያ የቀረቡ በመሆናቸው፣ የንጉሡ ስም ቢታወቅም ስለ ቦታው ሊነግሩን ይችሉ የነበረው ታሪክ ጠፍቷል።

በእኛ አገር ይህ ጉድለት እጅግ የከፋ ይሆናል። አክሱም ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ድረስ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም ታሠራ ነበር። ዋዜባ የተባለው ንጉሥ ስሙን በግዕዝ ፊደል በሳንቲም ላይ ባያስቀርጽ ኖሮ መኖሩን እንኳ ባላወቅን ነበር። የንጉሥ ኢዛና የቀድሞ ሳንቲሞች የጨረቃ ምልክት ሲኖራቸው የኋለኞቹ መስቀል ይዘዋል። እንግዲህ አንድ መንግሥት ሃይማኖቱን መለወጡ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማትበልጥ ብረት ላይ ይነበባል ማለት ነው።

«ሳንቲሙ ካልጸዳ እንዴት ይነበባል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ሳንቲም ፈጽሞ አይጽዳ አልልም። ነገር ግን መጀመሪያ የተገኘበት ቦታ ይመዝገብ፤ ማጽዳቱም ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው። ሳይጸዳ የቆየውን ነገ ማጽዳት ይቻላል፤ ተፈትጎ የጠፋውን ግን ማንም አይመልሰውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም፣ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከበው ድረስ እንዳለ ጠብቆ እንዲያቆይ ደንግጓል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሳንቲም ብታገኙ ቦታውን፣ ቀኑንና አብሮት የነበረውን ነገር ሁሉ ጻፉ። ሌላ ለመፈለግ አትቆፍሩ። ሳታጥቡና ሳትፈትጉ በደረቅ ወረቀት ጠቅልላችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ፤ በእርሱም አማካይነት ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አስረክቡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የአክሱምን ሳንቲም በችኮላ የፈተገ ሰው ግን ያፈሰሰውን መልቀም እንኳ አይችልም።