ጥያቄው በሥዕሉ እንዳይዋጥ

የካርቱን ፊልም የሕፃናት ማጫወቻ፣ የሳይንስ ልብ ወለድ ደግሞ የሥራ ፈቶች ቅዠት ነው የሚሉ የኅብረታችን አባላት ጥቂቶች አይደሉም። እኛ በዚህ አንስማማም። ሁለቱ ሲገናኙ የሰውን ልጅ ዕጣ የሚመለከት ከባድ ጥያቄ በአሥር ደቂቃ ለብዙ ሕዝብ ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም ከአጭር ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲሻገር ምን እንደሚቀነስና ምን እንደሚጨመር መመርመር ይገባል እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ2019 በኔትፍሊክስ የቀረበው «ላቭ፣ ዴዝ ኤንድ ሮቦትስ» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከቀረቡት 18 አጫጭር ፊልሞች አብዛኞቹ ከታተሙ ድርሰቶች የተወሰዱ ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ የአላስተር ሬይኖልድስ «ዚማ ብሉ» ነው። ዋና ገንዳ ለማጽዳት የተሠራ አነስተኛ መኪና በየጊዜው እየተሻሻለ ታላቅ ሠዓሊ ይሆናል፤ በመጨረሻም ራሱን አፈራርሶ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ድርሰቱ ስለ ሰው ትውስታም ሰፊ ሐሳብ ነበረው። ፊልሙ ይህን ትቶ አንዱን ጥያቄ ብቻ ያዘ፦ ዝና ያገኘ ሁሉ እርካታን አግኝቷልን? መቀነሱ ድርሰቱን አልጎዳውም፤ እንዲያውም አጠራው።

የኬን ሊዩ «ጉድ ሀንቲንግ» ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ይህ ድርሰት ቻይናና በእንግሊዝ የተገዛችው ሆንግ ኮንግ በባቡርና በእንፋሎት ሲለወጡ ያሳያል። ያን የተባለችው ሴት ያለ ፈቃዷ ገላዋ ተቆርጦ በብረት ይተካል። በድርሰቱ የደረሰባትን ግፍ ለጓደኛዋ በራሷ አንደበት ትነግረዋለች። ፊልሙ ግን ራቁቷን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ያሳየናል።

«ግፍ ካልታየ አይታመንም» የሚሉ ይኖራሉ። እኛ የምንጠይቀው፣ በማን ዓይን ነው የታየው? ነው። ተበዳይዋ ስትናገር ሰው ናት፤ ካሜራው ገላዋን ሲቃኝ ግን ተመልካቹ ሳያውቀው ከበዳዩ ጎን ይቆማል። ድርሰቱ የተቃወመውን ነገር ፊልሙ መልሶ ፈጸመው ማለት ነው። የሕክምና ተማሪዎች እንደመሆናችን ይህን በቀላሉ አናልፈውም። በሽተኛ ሲመረመር አስፈላጊው የአካል ክፍል ብቻ ይገለጣል፤ የቀረው ይሸፈናል። ክብርን የሚጠብቅ ዓይን ያነሰ አያይም፤ የሚያየውን ግን ለምን እንደሚያይ ያውቃል።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2023 «ኪዛዚ ሞቶ» በሚል ስም 10 የአፍሪካ የካርቱን ፊልሞች በዲዝኒ ፕላስ ሲቀርቡ፣ ከዚምባብዌ፣ ከኡጋንዳ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከናይጄሪያ፣ ከኬንያና ከግብፅ የመጡ ባለሙያዎች የራሳቸውን ፈጠራ አሳይተዋል። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። እኛ ካልተረክን ሌሎች እንደ ፈቀዳቸው ይሥሉናል።

ስለዚህ በኅብረታችን ውስጥ የኮምፒዩተር፣ የሥነ ጥበብና የሕክምና ተማሪዎች የሚገኙበት ትንሽ ቡድን እንዲቋቋም ሐሳብ እናቀርባለን። ቡድኑ አንድ የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ይምረጥ፤ በደራሲው ፈቃድም የአሥር ደቂቃ ጽሑፍ ያዘጋጅ። እርሳስ ከመነሣቱ በፊት ግን የድርሰቱ ጥያቄ በአንድ መስመር ይጻፍ። ያንን መስመር የማያገለግል ሥዕል፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይቅር!