የኮት ትከሻ ነገር

ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ስለ ጨርቁና ስለ ዋጋው አጥብቆ ይከራከራል፤ ስለ ትከሻው ግን አንዲት ቃል ሳይናገር ይወጣል። ይህም ታላቅ ጉድለት ነው። እጅጌ ቢረዝም ያጥራል፤ ወገብ ቢሰፋ ይጠባል፤ ትከሻ ከተበላሸ ግን እጅጌውንና ገበሩን ፈትቶ እንደ አዲስ መስፋት ስለሚያስፈልግ ኪሳራው ከባድ ነው።

በለንደን በሳቪል ሮው የሚሰፋው ኮት በአብዛኛው ትከሻው በሙሌት የቆመ ነው። የናፖሊ ልብስ ሰፊዎች ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ ሙሌቱን ቀንሰው እንደ ሸሚዝ የለሰለሰ ትከሻ አወጡ። በእኛ አስተያየት ትከሻው የወረደ ሰው መጠነኛ ሙሌት ይስማማዋል፤ ትከሻው ሰፊ የሆነ ግን ለስላሳውን ይምረጥ። የቱም ቢመረጥ ስፌቱ ከትከሻው አጥንት ጫፍ ማለፍ የለበትም። ልብስ ሰፊውም ደንበኛው ባይጠይቀው እንኳ፣ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ይህን ሊያስረዳው ይገባል፤ ደንበኛ የሚመለሰው በልኩ ወዳለበሰው ነውና።