ግቢን ሳያነቡ መንደፍ

የዩኒቨርሲቲ ግቢ በአዲስ ፕላን ይታደስ ሲባል፣ አሮጌውን ማፍረስ ሥልጣኔ የሚመስላቸው አሉ። ተማሪው በዝቷል፣ ቦታው ጠቧል ይሉናል። እውነት ነው፤ ጥበት ግን የማፍረስ ፈቃድ አይሆንም። እዚህ ላቪንግተን ባለ አትክልት ቪላዎች ለፎቅ ቦታ ሲለቁ እያየን ነው። ስድስት ኪሎ ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ከነቤተ መዘክሩ በውስጡ ከተመ። ፋሺስቶች ለዘመናቸው መታሰቢያ የገነቡት ደረጃም አልፈረሰም፤ በአናቱ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። የጠላት ድንጋይ በጠላት ላይ ምስክር ሆነ። ንድፍ አውጪዎች ሆይ፣ ቤተ ሙከራውንም ማደሪያውንም ጨምሩ! ነገር ግን ምንጩን ሳያነብ የሚተረጉም መጽሐፉን ያጠፋል፤ ግቢውን ሳያነብ የሚነድፍም እንዲሁ።