የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሲኒው ከመሞላቱ በፊት

ኡራኤል ካለው ቢሯችን ስንወጣ ቡና የሚያፈሉ እህቶች በየጥጉ ቄጤማ ጎዝጉዘው ጀበና ጥደዋል። ሲኒያቸው ላይ የሚደርሰው ቡና ከምን ዓይነት ጥፋት እንደተረፈ ይህ እትም ይተርካል።

የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ገና ባልቀላው አረንጓዴ ፍሬ ላይ ጥቁር፣ ጎድጎድ ያለ ነጥብ ይወጣል፤ እየሰፋም ፍሬውን ያደርቀዋል። የጅማ ተመራማሪዎች መፍትሔውን የፈለጉት እዚሁ አገር ካሉት የቡና ዛፎች ነው። 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ከመቱ አካባቢ ከተመረጡ እናት ዛፎች የተገኙ ናቸው፤ የቁጥራቸው መነሻ ዓመቱን ይናገራል። በኋላ አባቡናን የመሰሉ ድቅሎች ተከተሉ። ድቅል ግን ልፋት አለው፦ አበባው ሳይፈነዳ የወንዴውን ክፍል በእጅ ለቅሞ ማውጣት፣ ከዚያም የሌላውን ዛፍ ብናኝ መቀባት ያስፈልጋል። ገበሬው ከራሱ ማሳ ለቅሞ ቢዘራው ልጆቹ እንደ እናታቸው አይሆኑም። ስለዚህ የችግኝ አቅርቦቱ ካልተሻሻለ ድቅሉ ከምርምር ጣቢያ ወጥቶ ጓሮ አይገባም ብለን እናምናለን። እንዲህ ያሉ የቡና ዛፎች መገኛ የሆነው የደቡብ ምዕራቡ ጫካ ሲመነጠርም ለነገ የሚሆነው ዘር አብሮ ይጠፋል።

ድቅል ቡና የተከላችሁ አንባብያን፣ ያያችሁትን ጻፉልን።