ዙሩ አልወርድ ሲል ወደ ሶማሌ ተራ አትሩጡ

በሥራ መውጫ ሰዓት ኦሎምፒያ ላይ የአሮጌ መኪና ችግር አይደበቅም። ከቦሌ የመጣው፣ ወደ መስቀል አደባባይ የሚያልፈው፣ ወደ ካዛንቺስ የሚታጠፈው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ሹፌሩ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ማርሽ ያስገባል፣ መልሶ ይቆማል። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ባነሣ ቁጥር ሞተሩ ወዲያው መረጋጋት ሲገባው መጮኹን ከቀጠለና ዙሩ ዝግ እያለ ከወረደ፣ መኪናው ሕመሙን እየተናገረ ነው። በዚያ ሁኔታ የሚነዳ ሰው ፍሪሲዮኑን ያለ ጊዜው ይጨርሳል፣ ቤንዚን ያባክናል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እሱ ፍሬን ይዞ ሞተሩ ወደፊት ይገፋዋል።

እኛ ለዚህ ችግር የለመድናቸው መፍትሔዎች ሁለት ናቸው። አንዱ የሚኒሞውን ብሎን አላልቶ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ነው። ለሁለት ቀን ያስደስታል፤ ከዚያ መኪናው ጠዋት ጠዋት ሲቀዘቅዝ ይጠፋል፣ ዙሩም ቢሆን እንደ ድሮው ዘግይቶ ይወርዳል። ሌላው «ካርቡራተሩ አልቆለታል፣ ሌላ ይምጣ» የሚባለው ነው። ባለቤቱ ሶማሌ ተራ ይሄዳል፣ ያገለገለ ካርቡራተር በውድ ይገዛል፣ ችግሩም አብሮት ወደ ቤት ይመለሳል። ሁለቱም መፍትሔዎች የሚሰጡት ምክንያቱ ሳይፈለግ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፤ ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለፍለጋው ግን መክፈል አልለመድንም።

ፍለጋው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍቶ ኮፈን መክፈት፣ የነዳጅ መስጫው ካቦ የሚስበውን ክንድ በእጅ ከፍቶ መልቀቅ ነው። ክንዱ ቀጭ ብሎ መዘጋት አለበት። እየተጎተተ ከተመለሰ ወይ ካቦው ደርቋል፣ ወይ መላሿ ሞላ ደክማለች፣ ወይ የአየር መክፈቻው በጥላሸት ተይዟል። ይህ በጽዳትና በጥቂት ዘይት የሚያልቅ ነገር ነው፤ ለዚህ ካርቡራተር የቀየረ ስንት ሰው አለ።

ክንዱ ጤነኛ ከሆነ የሚቀጥለው ተጠርጣሪ ከማጣሪያው ሳያልፍ የሚገባ አየር ነው። ካዛንቺስ ከመፍረሱ በፊት የእኔን አሮጌ ዲኤክስ የሚያዩልኝ ጠና ያሉ ሜካኒክ ነበሩ። ሞተሩ እየሠራ ጆሯቸውን ያስጠጉና ከማኒፎልዱ የሚወጡትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጠጥ ያደርጋሉ። ወደ ፍሬን ቡስተር የሚሄደውን ሲይዙት ሞተሩ ወዲያው ዝቅ አለ። ቱቦውን ነቅለው አጠፍ አድርገው አሳዩኝ፤ ከላይ ሲታይ ደህና ነው፣ ከሥሩ መታጠፊያው ላይ ግን የጥፍር ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። ያ ስንጥቅ ዙሩን ብቻ ሳይሆን ፍሬኑንም ይነካ ነበር። በካርቡራተሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ከተጠረጠረ ደግሞ ውኃ በትንሽ መርጫ ዙሪያውን እፍ ማድረግ ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አየሩ በዚያ ይገባል። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እየረጩ የሚፈትሹ አሉ፤ እሳት ነውና ማንም እንዲህ እንዳያደርግ እለምናለሁ።

ሦስተኛው ስፒንትሮጂኖው ነው። ውስጡ ዙር ሲጨምር ወደ ውጭ የሚከፈቱ ሁለት ክብደቶች አሉ፤ የእሳቱን ጊዜ የሚያስቀድሙት እነሱ ናቸው። ሞላቸው ከላላ ወይም ዝገት ከያዛቸው እግር ከነዳጅ ቢነሣም አይመለሱም፣ ዙሩም አብሯቸው ተንጠልጥሎ ይቀራል። እዚህ ድረስ የሚፈትሽ ሜካኒክ ጥቂት ነው።

የከተማችን ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ሜካኒኮቻችንም ይቀንሱታል። ትክክል ነው። ነገር ግን ቁጠባ ብለው ከመጠን በላይ ሲቀንሱት ድብልቁ ይሳሳል፤ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ የዙሩን መውረድ ያዘገያል። በዚያው ልክ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው አዋሽ ሰባት ሲወረድ ችግሩ ይብሳል።

አንዳንድ አሮጌ ካርቡራተሮች ላይ አየር መክፈቻው በዝግታ እንዲዘጋ ፋብሪካው ራሱ የገጠመው ትንሽ ዕቃ አለ፤ ጢስ ለመቀነስ ነው። ስለዚህ ጥቂት መዘግየት ሁሉ በሽታ አይደለም።

ይህን ሁሉ የምለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ስለሚቆይ ነው። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ተጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አለፈ። የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የማይችል ቤተሰብ ያለውን ዲኤክስ እየጠገነ ይኖራል። በዚያው ዓመት ካዛንቺስ ሲፈርስ የሰፈሩ ሰው ተበተነ፣ መኪናችንን በድምፅ የሚያውቁት ባለሙያዎችም በቅርብ የሉም። አዲሱ ሜካኒክ መኪናችንን አያውቀውም፤ እኛ ልንነግረው ይገባል።

ስለዚህ ባለ መኪናዎች ሆይ፣ ጋራዥ ስትገቡ «ምን ይቀየር?» ብላችሁ አትጀምሩ። «መጀመሪያ ፈልግልኝ፣ ለፍለጋው እከፍልሃለሁ» በሉት፤ የተሰነጠቀው ቱቦ በጥቂት ብር የሚገዛ ቢሆንም ያገኘበትን ሰዓት ዋጋ ሳትከራከሩ ስጡት።