የጥልቅ ባሕር ማዕድን ልማት፦ ጉዳቱ ቢደርስ በምን ይታወቃል?

በውቅያኖስ ወለል ላይ የሚገኙ ማዕድናት በምን ሥርዓት ይውጡ የሚለው ጉዳይ፣ መቀመጫውን ኪንግስተን፣ ጃማይካ ባደረገው ዓለም አቀፍ የባሕር ወለል ባለሥልጣን ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ክላሪዮን ክሊፐርተን በተባለው ቀጣና፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ መዳብና ኮባልት የያዙ እንክብሎች በብዛት ይገኛሉ። ክርክሩ በአብዛኛው በጥቅምና በጉዳት ላይ ያተኮረ ቢሆንም፣ አስቀድሞ መልስ የሚሻው ጥያቄ ጉዳቱ ቢደርስ በምን ይታወቃል የሚለው ነው።

እንክብሎቹ ሲለቀሙ የሚነሣው ደለል ብረት ነክ ንጥረ ነገሮችን ወደ ውኃው ሊለቅ ይችላል። የእነዚህ ንጥረ ነገሮች የተፈጥሮ መጠን ግን እጅግ አነስተኛ ነው። ከባሕር ዳርቻ በራቀ ውቅያኖስ፣ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሟሟው ብረት በአብዛኛው ከ60 ቢሊዮንኛ ግራም በታች ነው። ናሙና የምትቀዳው መርከብ ራሷ ከብረት የተሠራች በመሆኗ፣ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የተመዘገቡ በርካታ አኃዞች የባሕሩን ሳይሆን የመርከቧንና የመቅጃ ዕቃውን ብክለት የሚያሳዩ ሆነው ተገኝተዋል።

ዛሬ ናሙናው በልዩ ጥንቃቄ ተቀድቶ በቤተ ሙከራ ይመረመራል። አሠራሩ አስተማማኝ ቢሆንም የሚያሳየው የተቀዳበትን ጊዜ ብቻ ነው። በመሆኑም በባሕር ውስጥ ሆነው ያለማቋረጥ በራሳቸው የሚለኩ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። አንዳንዶቹ ውኃውን ከኬሚካል ጋር አዋሕደው በሚፈጠረው ቀለም፣ ሌሎቹም ንጥረ ነገሩ በኤሌክትሮድ ላይ ተጠራቅሞ ሲለቀቅ በሚያስገኘው የኤሌክትሪክ ፍሰት መጠኑን ይለያሉ። ይሁን እንጂ ኬሚካሉ ያልቃል፤ በመሣሪያው ላይ ጥቃቅን ሕያዋን ይበቅላሉ፤ ልኬቱም በጊዜ ብዛት ይዛባል። የውቅያኖስን ሙቀትና ጨዋማነት የሚለኩ በሺዎች የሚቆጠሩ የአርጎ ተንሳፋፊዎች ቢኖሩም፣ ለብረት ነክ ንጥረ ነገሮች ይህን የመሰለ መረብ ገና አልተዘረጋም።

መሣሪያ መኖሩ ብቻውንም በቂ አይደለም። በጃፓን ሚናማታ በሜርኩሪ ምክንያት የመጣው በሽታ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነበር። በ1959 የፋብሪካው ሐኪም በድመት ላይ ባደረጉት ሙከራ ፍሳሹ በሽታውን እንደሚያስከትል ቢደርሱበትም፣ ኩባንያው ውጤቱን ይፋ አላደረገም። መንግሥት መንሥኤውን በይፋ ያረጋገጠው በ1968 ሲሆን፣ እስከዚያው ድረስ ነዋሪው ከተበከለው ባሕር ዓሣ ሲመገብ ቆይቷል።

የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 140፣ ከአገሮች ግዛት ወሰን ውጭ ባለው የባሕር ወለል የሚከናወን ሥራ የባሕር በር ያላቸውንም ሆነ የሌላቸውን አገሮች ሳይለይ ለሰው ልጅ ሁሉ ጥቅም መዋል እንዳለበት ይደነግጋል። እንደ ኢትዮጵያ ያሉ የባሕር በር የሌላቸው አገሮችም ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። ከዚህ አኳያ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የውኃው ነባር ይዘት ሊመዘገብ፣ መሣሪያዎቹ በገለልተኛ ቤተ ሙከራ በየጊዜው ሊመሳከሩ፣ መረጃውም ለሁሉም ክፍት ሊሆን ይገባል። የጋራ ሀብት ነው የተባለ ባሕር፣ መለኪያው በአልሚው እጅ ብቻ ከቀረ የጋራነቱ በወረቀት ላይ የተወሰነ ይሆናል።