አንቺሆዬን ከሰርግ አዳራሽ ማን አስወጣት?

እስራኤል አገር፣ ነታንያ ከተማ ውስጥ በኢትዮጵያውያን ሰርግ ላይ የሚጫወት ኦርጋኒስት፣ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ዘፈን ለምን እንደሚደጋግም ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ሕዝቡ የሚፈልገው ቀላሉን ነው» ይላል። የሙሽራው አባት ይህን ይቀበላል፣ ድምፃዊው ያምንበታል፣ ዲጄውም ይደግመዋል። እኔ ግን እውነት አይደለም እላለሁ። ቀላሉን የመረጠው ሕዝቡ ሳይሆን ኦርጋኑ ነው።

አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከበሮውም ቤዙም ኦርጋኑ ውስጥ ተቀርጾ ተቀምጧል። ተጫዋቹ በግራ እጁ ኮርድ ሲነካ መሣሪያው የቀረውን ራሱ ያጅባል። ሜጀር ትዝታ ለተባለው ቅኝት ይህ እጅግ ይመቻል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ከተለመዱት ኮርዶች ጋር ብዙም አይጣሉም። አንቺሆዬ የተባለችው ቅኝት ግን ከዶ ስትነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ናት። ሚ የላትም፣ ሶልም የላትም። ግራ እጅ የዶን ኮርድ በነካ ቅጽበት ማሽኑ በቅኝቱ ውስጥ የሌሉ ድምፆችን ያስገባና ዜማው ይበላሻል። ዜማውን ለማዳን አጃቢውን ማጥፋት፣ ቤዙን በራስ ጣት መጫወት፣ ግማሽ ድምፅና ሰፊ ዝላይ እየተፈራረቁ የሚመጡበትን መንገድ ጣት እስኪለምደው ማጥናት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ይህን ሥራ አይሠሩትም። አንቺሆዬ ከዝርዝራቸው የወጣችው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔ በምሰማቸው ሰርጎች አምባሰልም እየተከተለቻት ነው።

የጥንቱ አዝማሪ ይህ ችግር አልነበረበትም። ማሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ብቻ ነው፤ ጣት አንገቱ ላይ ሳይጫን ከጎን ይነካዋል። ስለዚህ የሰለጠነ አዝማሪ መሣሪያውን እንደገና ሳይቃኝ በጨዋታ መሃል ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። ከዚያ አዝማሪ የወረደ አንድ ሰው ዛሬ ነጭና ጥቁር ቁልፍ በሞላበት መሣሪያ ፊት ተቀምጦ አንዱን ቅኝት ብቻ ሲጫወት ማየት ያሳዝነኛል።

ከቅኝቱ የባሰው ግን የዜማው ክፍሎች መጥፋት ነው። እዚህ ከተማ ከጎንደርም ከትግራይም የመጡ ቤተሰቦች ይጋባሉ፤ ስለዚህ የትግራዩ ጓይላ አይቀርም። ጓይላ ሁለት ክፍል ያለው ጭፈራ ነው። መጀመሪያ ሰው ክብ ሠርቶ፣ እግሩን መሬት እያስነካ፣ በዝግታ ይዞራል። ከቆይታ በኋላ ከበሮው ይፋጠናል፤ ጨፋሪዎቹ ፊት ለፊት ተያይተው ትከሻቸውን ያንቀጠቅጣሉ። የመጀመሪያው ክፍል ለሁለተኛው ጉልበት ያጠራቅማል። አያት ከልጅ ልጇ ጋር እኩል የምትራመደው በዚያ ዝግ ባለው ክፍል ነው፤ ሙሽሮቹን የማያውቅ እንግዳ ከዘመድ መሃል የሚገባውም በዚያው ነው። ኦርጋኒስቱ ግን ከመነሻው ፈጣኑን ምት ይለቅና እስከ መጨረሻው በዚያው ይነዳዋል። ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ ላይ እንደማፍሰስ ነው። አሮጊቶቹ ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ፣ ወጣቶቹም ብዙም ሳይቆዩ ይደክማቸዋል፤ ከዚያ «የዛሬ ልጆች ጭፈራ አይችሉም» ተብሎ ይፈረድባቸዋል። የሚጨፈርበት ክፍል ተቆርጦባቸው እንዴት ይችላሉ?

የቆዩት የአዲስ አበባ ባንዶች ዘፈኖችም በዚሁ መቀስ ይቆረጣሉ። የነሐስ መሣሪያዎቹ የሚጫወቱት መግቢያ ይዘለላል፣ በአንጓዎቹ መካከል ያለው መሸጋገሪያ ይጣላል፤ የሚተርፈው አዝማቹና የማያቋርጥ ምት ነው።

የሌላውን ዓለም ልማድ ማየት ይጠቅማል። የአየርላንድ የጭፈራ ዜማ በተለምዶ ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ስምንት ሜዠር ሆኖ ሁለት ጊዜ ይደገማል። ሆኖም «ዘ ባክስ ኦቭ ኦራንሞር» የተባለው ሪል አምስት ክፍል አለው፤ «ዘ ኪድ ኦን ዘ ማውንቴን» የተባለው ስሊፕ ጂግም እንዲሁ። እነዚህ የተወለዱት ለእግር ነው፣ ዛሬም በመጠጥ ቤት ይሰማሉ። ተጫዋቾች ክብደታቸውን እያወቁ ይመርጧቸዋል፤ አምስቱን ክፍል ወደ ሁለት አሳጥሮ የተጫወተ ሰውም ዜማውን ተጫወትኩ ሊል አይችልም። ሕዝብ የሚጨፍርበት ዜማ የግድ ቀላል መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ እዚያ ቦታ የለውም።

እዚህም ማስረጃ አለን። ድምፃዊት አስቴር ራዳ በልጅነቷ ወደዚሁ ወደ ነታንያ መጥታ እዚህ አደገች። የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ናኑ ነይ» በነሐስ መሣሪያዎች አጅባ ስትዘፍነው፣ አማርኛ የማይሰማ ሕዝብ ተነስቶ ጨፍሮበታል። ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ ሩት ኤሼል በ1995 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የተባለውን የውዝዋዜ ቡድን መሠረተች። የትከሻና የአንገት እንቅስቃሴያችን መድረክ ላይ ወጥቶ ትኬት የገዛ ተመልካች በጥንቃቄ አይቶታል። ባዕድ የሚያከብረውን ዝርዝር እኛ በገዛ ሰርጋችን ላይ ትርፍ ነው ብለን የምንጥልበት ምክንያት አይገባኝም።

«ሰርግ ፈተና አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ትክክል ነው። ጣቱን ለማሳየት ብቻ አስቸጋሪ ዜማ መርጦ ጨፋሪውን የሚያደናቅፍ ተጫዋች የሰርግ ተጫዋች አይደለም። እኔ የምከራከርለት ከባድ ዜማ ክብደቱ ለጨፋሪው አዲስ ነገር የሚሰጠውን ነው፤ ምቱ ሲቀየር ትከሻው የሚቀየርበትን፣ ዝግ ሲል ሽማግሌ የሚነሳበትን፣ ቅኝቱ ሲለወጥ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ስሜት የሚለወጥበትን። ሌላው ምክንያት ገንዘብ ነው። ድምፃዊው ግንባር ላይ ሼቄል የሚለጠፈው ስም ሲጠራና ሲወደስ እንጂ መሸጋገሪያው በደንብ ሲጫወት አይደለም። ሽልማቱ ወዴት እንደሚጎትተው እረዳለሁ። ግን ዋናውን ክፍያ የሚከፍለው ደጋሹ ነው፤ ደጋሹ ሳይጠይቅ የሚሻሻል ነገር የለም።

ጊዜም የለንም። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ገብቷል። ያኔ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ፣ የገጠሩን ሰርግ በእግራቸው የሚያውቁ፣ ዛሬ ወጣቶች አይደሉም፤ የልጅ ልጅ የሚያዩበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ዝግ ያለውን ክፍል ሲሰሙ ሳይነገራቸው የሚነሱት እነሱ ናቸው። እነሱ ወንበር ላይ ሆነው ካረጁ ልጆቹ ከማን አይተው ይማሩ?

ስለዚህ ልጃችሁን የምትድሩ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ኦርጋኒስቱን ፊታችሁ አስጫውቱት። አጃቢውን አጥፍቶ አንድ አንቺሆዬ ይጫወት። ጓይላውን ከዝግታው ጀምሮ ያሰማችሁ፤ መቼ እንደሚያፋጥንም ራሱ ይንገራችሁ። አንድ የቆየ ዘፈን ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ሳይቆርጥ ያሳያችሁ። «ሕዝቡ አይፈልገውም» ካለ፣ የሚደግሰው ሕዝብ እናንተ መሆናችሁን ንገሩት፤ ካልቻለም ቀብዱን ክራርና ከበሮ ይዞ ለሚመጣ ስጡት።